ስሙን ለባለቤቱ መልሻለሁ

ይድረስ ለልጄ፣

ይህን ብዕር የያዘችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ቃሉ ግን የእኔ ነው፣ የአባትህ። የፊተኛውን ክፍል የተከራየች ሴት ናት፤ አንተ ከሄድክ በኋላ ስለገባች አታውቃትም። መቀስ አጠገቧ ተቀምጦ ክር በጥርሷ ነው የምትበጥሰው። ብዕርም የምትይዘው እንደ መርፌ ነው፤ ፊደሏ ግን ቀጥ ያለ ነው፣ አይቼዋለሁ። የምላትን ሳትጨምር ሳትቀንስ እንድትጽፍ ቃል አስገብቻታለሁ። ብትጨምር ደግሞ ያስታውቃል፤ ልስልስ ያለ ነገር ካገኘህ የእሷ ነው፣ የእኔ አይደለም።

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ገና እዚህ ላይ ብዕሯን አነሳችና «አባባ፣ ይቺን ብናልፋትስ?» አለችኝ። ደብዳቤ ጤና ሳይጠየቅበት የት ነው የሚጻፈው? ሰላም ሳይሉ ሰው ቤት ገብቶ ወንበር እንደ መሳብ ነው። ጻፊ አልኳት፣ ጻፈች። ስለዚህ በድጋሚ፣ ለጤናህ እንዴት ነህ? ሥራውስ? ሚስትህስ? እኔን ከጠየቅክ፣ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል፣ ቀኝ ጆሮዬ ጡረታ ወጥቷል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ዓይኔ ግን ደህና ነው። ዓይኔ ደህና መሆኑን ያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዙሪያ ጥምጥም አላውቅም። እናትህ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት አንድ ወር ቀርቷታል። ሳንባዋ ነው ያሉት። እኔ ሌላ ምክንያት አውቃለሁ፤ እሱንም ሳልነግርህ ይህ ወረቀት አይታሸግም።

ከላይ «ለልጄ» ብዬ ስምህን ያላስጻፍኩት ረስቼው አይደለም። ያንን ያወጣሁልህን ስም እዚህ ወረቀት ላይ አላስጽፈውም። ለምን እንደሆነ ለመናገር ከሥሩ መጀመር አለብኝ። የምታውቀውንም ጭምር ነው የምነግርህ፤ አንተ የምታውቀው ከአንተ በኩል ያለውን ነው።

ሠላሳ ስምንት ዓመት የመቃብር ድንጋይ ላይ ፊደል ቀርጫለሁ፤ አንዱንም አላነበብኩም። ጸሐፊው በጠመኔ ይጽፋል፣ እኔ ጠመኔውን በመሮ እከተላለሁ። ይሄን የሰማ ይስቃል። ይሳቅ። ጫማ ሰፊ ሁሉ በሰፋው ጫማ ይሄዳል ያለው ማነው? እንዲያውም ሥራዬ ቀጥ ያለው ባላነበብኩ ነው። የሚያነብ ሰው ቃሉን ያይና መስመሩን ይረሳል። እኔ የማየው መስመሩን ነው። የትኛው ጸሐፊ እንደጻፈው ከመንገድ ማዶ ሆኜ እለያለሁ። ያ ሰካራሙ ጸሐፊያችን ትዝ ይልሃል? ፊደሉ ሁሉ ወደ ቀኝ ይንጋደድ ነበር፣ እንደ ራሱ አካሄድ። እሱ የጻፈላቸው ሙታን ሁሉ እስከ ዛሬ ዘመም ብለው ነው የተኙት።

ወንድምህ ከመወለዱ በፊት እናትህ ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል። በሦስተኛው እሱ በሕይወት መጣ። ስሙን እኔ አወጣሁለት። ትርጉሙ ግልጽ ነው፣ «አትሂድብኝ፣ እዚሁ ሁንልኝ» ማለት ነው። ሌላው ሰው ለልጁ ስም ሲያወጣ ጌጥ ይፈልጋል፤ ወርቁ፣ ኃይሉ፣ ግርማው ይላል። እኔ ጌጥ አልፈለግኩም። የእኔ ልመና ነው። ልጅን በቀን መቶ ጊዜ ትጠራዋለህ፤ ና ስትለው፣ ብላ ስትለው፣ ከዚያ ውረድ ብለህ ስትቆጣው ሁሉ በዚያ ስም መቶ ጊዜ ትለምነዋለህ። አራት ዓመት ለመንኩት። በሦስት ቀን ትኩሳት ሄደ።

ድንጋዩን ለሌላ ሰው አልሰጠሁም። ጸሐፊው፣ የዚያን ቀን እንኳ ሳይጠጣ መጥቶ፣ በጠመኔ ጻፈልኝ። አራት ፊደል። አንደኛውና ሦስተኛው ወንድማማች ናቸው፤ መልካቸው አንድ ሆኖ አንደኛው ጎኑ ላይ ትንሽ ጭረት አለችው። ሁለተኛው ባለ ክብ ሆድ ነው፤ ክቡን ሳላሰነጥቅ ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። የመጨረሻው ኮፍያ የደፋ ነው። ከሥሩ የእኔ ስም ተጻፈ፣ የአባት ስም ነውና፤ እሱን እንኳ አላጠናሁትም። እስከ ዛሬ በአውራ ጣቴ ነው የምፈርመው። ያቺን አራት ፊደል ግን ዓይኔን ጨፍኜ እቀርጻታለሁ። በዓለም ላይ ከተጻፈው ሁሉ የማውቃት ቃል እሷ ብቻ ናት።

በዓመቱ አንተ መጣህ፣ ሊነጋጋ ሲል። እናትህ ላቧ ሳይደርቅ ሌላ ስም ጠራችልህ፤ ጨለማው አለፈልኝ እንደ ማለት ያለ። እኔ «ስም አለው» አልኳት። «የእሱ ነው እኮ» አለችኝ። «የእሱ ነበር፤ ስሙ ሥራውን አልጨረሰም፣ ይሄኛው ይጨርሰው» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እንደ እሺታ ቆጠርኩት። ሴት ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር እሺ ማለቷ እንዳልሆነ የገባኝ ግድግዳው ብቻ ሲቀር ነው።

የልደት ወረቀትም አላወጣሁልህም። የወንድምህ ወረቀት ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ ስሙ ያው፣ አባቱ ያው፣ እናቱም ያችው። ለምን ብዬ ሰልፍ እቆማለሁ? እንዲህ አድርጌ ወረቀት ላይ አምስት ዓመት አስረጀሁህ። ትምህርት ቤት ላስመዘግብህ ስወስድህ መዝጋቢዋ ወረቀቱን አይታ «የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ የታለ?» አለችና ከጠረጴዛው በላይ አንገቷን አስግጋ ፈለገችህ። አንተ ከጠረጴዛው በታች ነበርክ። «በአባቱ ወጥቶ ነው፣ ድንክ ነን» አልኳት። እኔ ድንክ እመስላለሁ? አየችኝና ጻፈች።

በዚያው ዓመት ማንበብ ጀመርክ። የሳሙና ወረቀት፣ የሱቅ ሰሌዳ፣ የጭነት መኪና ጀርባ፣ ያየኸውን ሁሉ እየጮህክ ታነባለህ። እናትህ ደስታዋን አትችለውም ነበር። እኔም ኮርቻለሁ፣ አልናገርም እንጂ። ታዲያ አንድ ቀን ምሳዬን ይዘህ ስትመጣ በመንገድ መዞሩን ትተህ በመቃብሩ በኩል አቋረጥክ። እኔ ያ ድንጋይ እንደሚነበብ አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም። ብታምን እመን። ለእኔ ያ ድንጋይ ልጄ ነበር እንጂ ጽሑፍ አልነበረም።

ምሳውን ደረትህ ላይ አቅፈህ መጥተህ ቆምክ። ሠራተኞቹ በሙሉ አሉ። «አባዬ፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» አልከኝ። እኔ ምን አልኩ? «አዎ፣ ስለዚህ ምሳው ለእኔ ብቻ ነው» አልኩ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። አንተ አልሳቅክም። ምሳውን አስቀመጥክና ሄደህ ከአሸዋው ክምር ጀርባ ተቀመጥክ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠራተኞቹ «ደጋሚው» ይሉህ ጀመር። «ደጋሚው መጣ፣ ደጋሚው ሄደ።» እኔ አልከለከልኳቸውም። ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ልጅ ሆኜ እኔንም «ድፍን ቅል» ይሉኝ ነበር፣ አልሞትኩም ብዬ።

ልብስ ሰፊዋ እያለቀሰች ነው። ወረቀቱ ላይ እንዳታንጠባጥቢ ብያታለሁ። ያበላሸችው ቦታ ካለ የእሷ ነው።

አሥራ አራት ሲሆንህ ሰካራሙ ጸሐፊ ተባረረና በእሱ ቦታ አንተ ገባህ። ሰባት ዓመት አንተ ጻፍክ፣ እኔ ቆረጥኩ። እንዲያ ያለ ጊዜ አልነበረኝም። ብዙ አናወራም። አንተ ጠመኔህን ጆሮህ ላይ ሰክተህ ወደ ኋላ ትልና ታያለህ፣ እኔ መሮዬን አስገባለሁ። ፊትህን ለመሳል ብታዘዝ አልችልም፤ የእጅህን ጽሑፍ ግን ከፊትህ ይልቅ አውቀዋለሁ። የላይኛውን ጭረት ስትጀምር ታመነታለህ። ትንሽ ብቻ። እዚያች ቦታ ላይ ጠመኔው እንደ ስንዴ ፍሬ ያብጣል። እሷን እብጠት እንኳ አልተውኳትም፤ ቀርጫታለሁ። ያ ሁሉ ሰው በአንተ ማመንታት ተጽፎ ተኝቷል።

ከዚያ ሃያ አንድ ዓመትህ ላይ ያንን የፍርድ ቤት ወረቀት ይዘህ መጣህ። ስሜን አስቀይሬያለሁ አልክ። በትሕትና ነበር የተናገርከው፣ ይሄን አልክድም። «አባዬ፣ ስሙ የእሱ ነው። እኔ የእሱን ስም፣ የእሱን ዕድሜ፣ የእሱን ወረቀት ነው የለበስኩት። አንድ የራሴ ነገር ፍቀድልኝ፤ በራሴ ስም ጥራኝ» አልከኝ። ምን ብለህ እንደምትጠራ እንኳ አልጠየቅኩህም። ልትነግረኝ አፍህን ስትከፍት እጄን አነሳሁ። «ስም የሚያወጣ አባት ነው፤ ራሱን የሚሰይም ውሻ እንኳ የለም። ያ አራት ፊደል የሌለበት ደብዳቤ ደጄን አይረግጥም» አልኩህ። አንተም «ያ ስም ካለብኝ እኔም ደጅህን አልረግጥም» አልክና ወጣህ። እናትህ እርጥብ ሰሃን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰሃኑ በእጇ ላይ እስኪደርቅ ቆመች።

አሥራ አምስት ዓመት ሆነው።

ሦስት ደብዳቤ ልከሃል። አንደኛው በሁለተኛው ዓመት መጣ። ፖስተኛው አዲስ ነበር፣ አያውቀኝም። መነጽሬን አደረግኩ፤ መነጽሩ ለድንጋይ አቧራ የምጠቀምበት ነው፣ እሱ ምን ያውቃል። ቅንድቤን ሰብስቤ ፖስታውን አገላብጬ «ላኪውን አላውቀውም፤ መልሰው» አልኩት። ከጀርባው ሦስት ፊደል ነበር፣ አራት አይደለም። ኮፍያ የደፋው የለም፣ ወንድማማቾቹም የሉም። ሁለተኛው ከዓመታት በኋላ መጣ፤ እሱንም እንዲሁ። ሦስተኛውንም። ሦስት ጊዜ እንደሚያነብ ሰው ሆኜ መለስኩ።

እዚህ ድረስ ያለውን ለልብስ ሰፊዋ ባለፈው ነግሬያታለሁ። አዘነችልኝ። «ማንበብ ስለማይችሉ ነው እኮ አባባ፣ ምን ያድርጉ» አለችኝ። ማዘኗ ጣፈጠኝ፣ እውነቱን ልንገርህ። ሳምንት ሙሉ በሐዘኗ ተጠለልኩ።

ውሸት ነው። አሁን ጻፊው ብያታለሁ፣ እጇ ቢዝልም ትጻፈው። ማንበብ ስለማልችል አይደለም የመለስኩት። የላይኛውን ጭረት አየሁት። ሦስቱንም ጊዜ፣ ፖስታው ገና ከፖስተኛው ቦርሳ ሲወጣ፣ ያቺን የስንዴ ፍሬ የምታህል እብጠት አየኋት። በዓለም ላይ እንደዚያ የሚጽፍ አንድ ሰው ነው። አንተ መሆንህን አውቄ ነው የመለስኩህ። ስሙ የእኔ ስላልሆነ መለስኩህ።

ሦስተኛው ሲመጣ እናትህ ከአልጋ መነሳት ትታ ነበር። በየቀኑ «ዛሬም ፖስታ የለም?» ትለኛለች፣ እኔም የለም እላለሁ። በሩ ሲንኳኳ ከውስጥ «ማነው?» አለች። ፖስታው እጄ ላይ ነው። እጅህን እያየሁት ነው። «ቤት የተሳሳተ ሰው ነው» አልኳት። «ቤት ለተሳሳተ ሰው ይሄን ያህል ቆምክለት?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ፖስታ ጠይቃኝ አታውቅም። በሃያ ሦስተኛው ቀን አለፈች።

ይኸው ነው ሌላው ምክንያት። ሐኪሙ ሳንባ ይበል።

ባለፈው ሳምንት ትልቅ ፖስታ መጣ። እኔ ደጅ ተቀምጬ ፀሐይ እሞቅ ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ ተቀበለችና ክፍሏ ገብታ ከፈተችው። ቆየች። ስትወጣ ፊቷን ታጥባለች። «ከልጅዎ ነው አባባ» አለችኝና የላኪውን ስም አነበበችልኝ። ወንበሩን ያዝኩ። ሊነጋጋ ሲል እናትህ የጠራችው ስም ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት የት አባትህ አገኘኸው ብዬ አልጠይቅም፤ ከማን እንዳገኘኸው ግልጽ ነው። እኔ ከቤት ስወጣ በዚያ ትጠራህ ነበር፣ አይደል? እናንተ ሁለታችሁ አንድ ቤት ውስጥ ሌላ ቤት ነበራችሁ። ያኔ ከፖስታው ጀርባ ያለውን ስም ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ቢኖር፣ እሷ ከአልጋዋ ሆና ትሰማው ነበር።

ከዚያ ደብዳቤውን አነበበችልኝ። ደህና ነኝ ትላለህ። ሥራ በዝቶብህ ነው። ሚስትህ ሰላም ትለኛለች። የድሮዎቹን ሦስት ደብዳቤዎች ጊዜ ሲኖረኝ እንዲነበቡልኝ ብለህ አብረህ ልከሃል። ይኸው ነው አለችኝ። እሺ አልኳት። ተነስታ ሄደች፤ ከመጋረጃው ጀርባ የተተኮሰውን ቀሚስ መልሳ ስትተኩስ ሰማኋት።

አሁን ስለ ዓይኔ ያልኩህን አስታውስ። ወረቀቱ ፊትና ጀርባው ሙሉ ነበር፣ እስከ ጠርዙ። ያነበበችልኝ ግን አንድ መሮ ሞርጄ ሳልጨርስ አለቀ። ሦስቱ አሮጌ ፖስታዎች በአንተ እጅ የተጻፉ ናቸው፣ እንደታሸጉ ናቸው። የትልቁ ፖስታ እጅ ግን ያንተ አይደለም። ውስጡ ያለውም ያንተ አይደለም። የሴት እጅ ነው፤ ፈጠን ያለ፣ ወደ ታች የሚወርድ፣ ምንም የማያመነታ። የማመንታት ጊዜ ያለፈበት ሰው እንዲያ ይጽፋል። የገዛ ደብዳቤውን ደግሞ ሰው በሌላ ሰው እጅ አይመልስም። ከመሳቢያ ውስጥ የሚያወጣው ሌላ ሰው ነው።

ልብስ ሰፊዋን አልጠየቅኳትም። አሳልፋ ያላነበበችው ለእኔ ብላ ነው። እኔ በዚህ ቤት ውስጥ የዋሸሁት ሁሉ ለራሴ ነበር፤ የእሷ ይሻላል።

ሦስቱን ገና አላስከፈትኩም። ጠረጴዛው ላይ በተራ ተደርድረው ያዩኛል። ምን እንዳልከኝ ከመስማቴ በፊት የእኔን መናገር አለብኝ። ይቅር ማለትህን ሰምቼ ይቅርታ ብጠይቅ ንግድ ነው የሚሆነው። ሰድበኸኝ ከሆነም ሰምቼ ብናገር ሙግት ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ የእኔ። ልጄ፣ ሁለት ልጅ በአንድ ስም ቀበርኩ፣ አንዱን በቁሙ። በድያለሁ። ከዚህ በላይ አልለማመጥም፤ አላውቅበትም፣ አያምርብኝም።

ስሙን ለባለቤቱ መልሻለሁ። ከትናንት በስቲያ በከዘራ እየተደገፍኩ ወንድምህ ጋ ሄጄ ድንጋዩን ጠረግኩለት። አራቱም ፊደል ደህና ናቸው። ያንተ ብቻ ነው አልኩት። ማንም አይካፈልህም አልኩት። አራት ዓመት የኖረ ልጅ ሌላ ምን ንብረት አለው? እኔ እሱንም ቀምቼው ኖሬያለሁ።

ግቢ ውስጥ፣ ከውሃ በርሜሉ ጀርባ፣ ለራሴ ያስቀመጥኩት ነጭ እብነ በረድ ነበረ። ታውቀዋለህ፣ ቀይ ክር የመሰለ መስመር ያለው። አወጣሁት። ከአንደኛው ፖስታህ ጀርባ ስምህን በካሬ ከፋፍዬ በጠመኔ አሳደግኩት። ልብስ ሰፊዋ «ልጻፍልዎት?» ብላኝ ነበር፣ ጽሑፍ አለኝ አልኳት። ሦስት ፊደል ብቻ ነው፤ ለጤነኛ እጅ የአንድ ጠዋት ሥራ። ለእኔ በየቀኑ አንድ ፊደል ሆኖ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ግራ እጄን በቀበቶ ከጠረጴዛው ጋር አሥሬ ነው መሮው እንዳይንቀጠቀጥ ያደረግኩት። የላይኛዋን ጭረት አጀማመር፣ ያቺን እብጠት፣ አልተውኳትም። እንደ ድሮው ነው፤ አንተ ጻፍክ፣ እኔ ቆረጥኩ።

ልብስ ሰፊዋ መጥታ አየችና «ለበር ነው አባባ?» አለችኝ። «ለበር ነው» አልኳት። ተዋሸን፣ አንድ ለአንድ ወጣን። በር ላይ ግን ዓመተ ምሕረት አይጻፍም፤ ከስሙ ሥር የተቀረጸውን ቁጥር አይታ በቀሚሷ ጫፍ አቧራውን ጠረገችለት።

ለዚህ ነው አሁን የምጠይቀው። ይህን ደብዳቤ የምትከፍተው ሚስትህ ከሆነች፣ ለእሷም ነው የምናገረው። የልጄ ሚስት፣ ልጄ፣ ስምሽን አላውቀውም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። እዚያ ራስጌው ላይ ያለው ጽሑፍ የተቀረጸ ነው ወይስ እንጨት ላይ በቀለም የተቀባ? ቀለም ከሆነ ሁለት ክረምት አይሻገርም። የተቀረጸ ከሆነ ጥልቀቱ የጥፍር ውፍረት ይሙላ፣ ካልሞላ ዝናብ ይበላዋል። የመጀመሪያውን ዓመት ደግሞ ከወረቀቱ ገልብጠው ከሆነ ያስተካክሉት። ያ ወረቀት የወንድሙ ነው። አምስት ዓመት ይቀነስለት። ያልኖረውን አምስት ዓመት አያሸክሙት፣ የኖረው አነሰ እንጂ አልበዛም። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት በትክክል ቀርጬዋለሁ። ለሁለተኛው ቦታ ትቼለታለሁ። ቁጥሩን ብቻ ላኪልኝ። ሌላ ነገር መጻፍ ከከበደሽ ቁጥሩ ይበቃኛል። ቁጥር ማንበብ እችላለሁ፤ እሱን ያስተማረኝ ሥራዬ ነው።

ልጅ ካላችሁ፣ ወይ በመንገድ ላይ ያለ ካለ፣ ወንድ ከሆነ፣ ስሙን እኔን አትጠይቁኝ። የእኔን አትስጡት፣ የአባቱንም አትስጡት። ማንም ያልተጠራበት ይሁን። እናቱ ታውጣለት፤ እናቱ ስትናገር የሚሰማ ሰው ካለ ይስማት።

ልጄ፣ በዚህ አበቃሁ። እንደ ወጉ «ረጅም ዕድሜና ጤና ይስጥህ» ብዬ ልዘጋ ነበር። ይሄን ስላት ብዕሯ ቆመ። አየኋት፣ አየችኝ። ተይው፣ አትጻፊው አልኳት። ለሌላ ቀን የተሠራ ሌላ ምርቃት አለ፤ እሱን ደግሞ በአፌ አላወጣውም፣ አባት የሚለው አይደለም። እናም ይሄን ብቻ፦ ያለህበት አይክበድህ። እናትህ በመረጠችው ስም ትጥራህ። እኔንም ስመጣ በሩ ላይ አታቁሙኝ። ሚስትህን አምላክ ያጽናት፣ ጎጆዋን አያጉድልባት፣ እጇ አያመንታ።

ያ ድንጋይ ለእኔ የተቀመጠ ነበር ብያለሁ። ለእኔ ሌላ አልፈልግም። በጠመኔ የሚጽፍልኝ ሰው ስለሌለ እንዲሁ ይበቃኛል።

ፖስታው ላይ ያንን ሦስት ፊደል በትልቁ ጻፊው ብያታለሁ። ፖስተኛውም ይወቀው።

አባትህ።
አውራ ጣቴ ይኸውና።

አሁን ብዕሩን አስቀምጪና ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። አይ፣ ይሄንንም መጀመሪያ ጻፊው፣ ከዚያ አስቀምጪ። የእኔን ስትጨርሺ ያንን ትልቁን ታመጪልኛለሽ፣ የሴቲቱን። እሱንም ከላይ ጀምረሽ፣ ቀስ ብለሽ፣ በዚህ ጊዜ አንዲት ቃል ሳታስቀሪ።